ቤተ እስራኤልና የመድረካችን «እስራኤል»፦ የስቲቨን ካፕላንን መጽሐፍ ለአገልግሎት ማንበብ

በመድረኮቻችን ላይ «እስራኤል» የሚለውን ስም ያህል ደጋግመን የምንጠራው የሕዝብ ስም ያለ አይመስለኝም። እዚህ በማስተምርበት በጎሮና በአካባቢው ባሉ የጸሎት አዳራሾች የዳዊት ኮከብ ያለበትን ባንዲራ፣ ቀንደ መለከቱን፣ አይሁድ ለጸሎት የሚከናነቡትን ሻርፕ ማየት እንግዳ ነገር አይደለም። ኢየሩሳሌምን ጎብኝቶ የተመለሰ አገልጋይ ምስክርነቱን ሲናገር በጉጉት ይሰማል። ከጎንደር ወጣ ብላ ስላለችው ወለቃ፣ ስለ አምቦበር፣ በስሜንና በወገራ ለዘመናት ሰንበትን ሲጠብቅ ስለ ኖረው ሕዝብ ግን አንድ ስብከት መስማት ከስንት አንዴ ነው። የሩቁን እስራኤል በዘይት የምንቀባ ሰዎች የቅርቡን ቤተ እስራኤል በስሙ እንኳ አልጠራነውም፤ ስንጠራውም ብዙ ጊዜ «ፈላሻ» በሚለው፣ እነርሱ ራሳቸው በማይወዱት ስም ነው።

ስለዚህ በዚህ ጽሑፍ አንድ መጽሐፍ ይዤላችሁ ቀርቤአለሁ። በኢየሩሳሌም የዕብራይስጥ ዩኒቨርሲቲ መምህር የነበረው ስቲቨን ካፕላን እ.ኤ.አ. በ1992 በእንግሊዝኛ ያሳተመው የቤተ እስራኤል ታሪክ ነው፤ ከጥንት ዘመን ተነሥቶ እስከ ሃያኛው ክፍለ ዘመን ይደርሳል። መጽሐፉ አዲስ አይደለም፤ በመስኩ ያሉ ተመራማሪዎች ግን እስከ ዛሬ ሳይጠቅሱት አያልፉም። እኔ የማነሣው ጥያቄ የታሪክ ባለሙያ የሚያነሣው ዓይነት አይደለም። መጋቢ ይህን መጽሐፍ አንብቦ በእሑድ መድረኩ ላይ ምን ይለውጣል? የመጽሐፉስ ሐሳብ የት ላይ ይጎድላል? የሚሉት ናቸው።

መጽሐፉ ምን ይላል?

ስለ ቤተ እስራኤል መነሻ ብዙዎቻችን የምናውቀው ከሁለት ትረካዎች አንዱን ነው። የመጀመሪያው ከክብረ ነገሥት የተቀዳው ነው፤ ከቀዳማዊ ምኒልክ ጋር ከኢየሩሳሌም የመጡት የእስራኤል በኵሮች ዘሮች ናቸው ይላል። ሁለተኛው የጠፋው የዳን ነገድ ናቸው ይላል፤ ይህ አሳብ በአይሁድ ዓለም ቢያንስ ከዘጠነኛው ክፍለ ዘመን ተጓዥ ከኤልዳድ ሐዳኒ ጀምሮ ሲነገር ቆይቷል። በአሥራ ስድስተኛው ክፍለ ዘመን የግብፁ ረቢ ዳዊት ኢብን ዚምራ ይህንኑ ይዘው ፈርደዋል፤ እ.ኤ.አ. በ1973 ዋናው የሰፋርድ ረቢ ኦቫድያ ዮሴፍ ቤተ እስራኤል አይሁድ ናቸው ብለው ሲወስኑ የተደገፉት በዚሁ ፍርድ ላይ ነበር።

ካፕላን ሁለቱንም ትረካዎች ወደ ጎን ያደርጋል። ወደ አክሱም የደረሰ ጥንታዊ የአይሁድ ተጽዕኖ መኖሩን አይክድም። የቋንቋ ሊቃውንት እንደሚያሳዩን «ታቦት»፣ «ጣዖት»፣ «ምጽዋት» የሚሉት የግዕዝ ቃላት ከአረማይክ የመጡ፣ የአይሁድን አነጋገር አሻራ የያዙ ናቸው። ነገር ግን ይህ ተጽዕኖ የወረደው ለቤተ እስራኤል ብቻ ሳይሆን ለመላው የኢትዮጵያ ክርስትናም ጭምር ነው። በስምንተኛው ቀን መገረዝ፣ ቅዳሜን ማክበር፣ የምግብ ሕግ በሁለቱም ዘንድ አለ። እንግዲህ ቤተ እስራኤልን ለብቻው የቆመ ሕዝብ ያደረገው ምንድን ነው? የካፕላን መልስ ይህ ነው፦ ከአሥራ አራተኛው እስከ አሥራ ስድስተኛው ክፍለ ዘመን ድረስ በዚህችው ምድር ላይ የተካሄደ ረጅም የፖለቲካ፣ የመሬትና የእምነት ትግል።

ማስረጃዎቹ ቀላል አይደሉም። የዐፄ አምደ ጽዮን ዜና መዋዕል እ.ኤ.አ. በ1332 ገደማ ንጉሡ ወደ ስሜን፣ ወገራ፣ ጸለምትና ጸገዴ ጦር እንደ ላከ ሲተርክ፣ በዚያ ያሉትን ሰዎች ቀድሞ ክርስቲያን የነበሩ፣ በኋላ ግን እንደ አይሁድ ክርስቶስን የካዱ አድርጎ ያቀርባቸዋል። በአሥራ አምስተኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ የነገሠው ዐፄ ይስሐቅ ያልተጠመቀ የአባቱን ርስት አይወርስም የሚል አዋጅ እንዳወጣ ይነገራል። ርስት አልባ የሆነው ሕዝብ ወደ አንጥረኝነት፣ ወደ ሸክላ ሥራና ወደ ሽመና ተገፋ። በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመን ደግሞ አባ ሳብራ የተባለ ክርስቲያን መነኩሴ ወደ ቤተ እስራኤል ገብቶ፣ የንጉሡ ልጅ ጸጋ አምላክም ተከትሎት፣ በመካከላቸው ምንኵስናን እንደ መሠረቱ የራሳቸው ትውፊት ይመሰክራል። ዐፄ ሠርፀ ድንግል በስሜን ተራሮች ላይ የከፈተው ጦርነት በዐፄ ሱስንዮስ ዘመን በ1620ዎቹ የፖለቲካ ነጻነታቸው በመጥፋቱ ተደመደመ። ከዚያ በኋላ የጎንደርን ቤተ መንግሥት ከገነቡት ባለ እጆች መካከል እናገኛቸዋለን።

የስም ጉዳይ

የመጽሐፉ ትልቁ ብርታት አንድን ቃል በጥንቃቄ መመርመሩ ነው። «አይሁድ» የሚለው ቃል በመካከለኛው ዘመን የግዕዝ ጽሑፎች ውስጥ ሁልጊዜ የሙሴን ሕግ የሚጠብቅ ሕዝብን አያመለክትም። ቤተ መንግሥቱና ቤተ ክህነቱ የማይታዘዛቸውን ሁሉ፣ ክርስቲያኑንም ቢሆን፣ በዚህ ስም ይሰድቡ ነበር። በዘርዐ ያዕቆብ ዘመን ለሥዕልና ለመስቀል አንሰግድም ያሉት እስጢፋኖሳውያን መነኮሳት በአይሁድነት ተከሰዋል፤ «ጸረ ማርያም»ም ተብለዋል።

እዚህ ላይ ቆም በሉ። «ጸረ ማርያም» የሚለውን ስም የምታውቁት ከታሪክ መጽሐፍ አይደለም። ከእኛ መካከል ብዙዎች በመንደራቸው፣ በትምህርት ቤታቸው፣ አንዳንዶችም በገዛ ቤታቸው ተጠርተውበታል። «መጤ ሃይማኖት» መባልን፣ ከዕድር መባረርን፣ ለሬሳ የመቃብር ቦታ መከልከልን የወንጌላውያን ታሪክ ያውቀዋል። ዐፄ ይስሐቅ በርስት ያደረገው ነገር በየገጠሩ በአባቶቻችን ላይ በመቃብር ተደርጓል። ስለዚህ ይህን መጽሐፍ የሚያነብ ወንጌላዊ የሌላ ሕዝብ ታሪክ ብቻ እያነበበ አይደለም፤ ስም ሰጥቶ ማግለል በዚህ አገር እንዴት እንደሚሠራ እያነበበ ነው። ይህን የቀመሰ ሰው «ቡዳ» የሚለውን ቃል በቀልድ እንኳ በአንጥረኛና በሸክላ ሠሪ ላይ መወርወር አይገባውም። የምሥራቹ አገልጋይ ሆኖ በክፉ መንፈስ ማስወጣት ጸሎት መካከል «የቡዳ መንፈስ» እያለ የአንድን ባለ ሙያ ወገን ስም የሚያነሣ ሰው፣ የካፕላንን ትረካ ሊያነብ ይገባዋል እላለሁ።

የሚጎድለው፦ የሚጸልየው ሕዝብ

ካፕላን ከዚህ በፊት ስለ መነኮሳትና በሰሎሞናዊው ዘመን መጀመሪያ ስለ ነበረው የክርስትና መስፋፋት የጻፈ ሰው ነው። የታሪክን ኃይሎች፣ መሬትን፣ ግብርን፣ ሥልጣንን ማየት ያውቅበታል። ይሁንና መጽሐፉን ስትጨርሱ ቤተ እስራኤል እንዴት እንደ ተፈጠሩ ታውቃላችሁ፤ በዐርብ ማታ ምን እያሉ ይጸልዩ እንደ ነበር ግን እምብዛም አታውቁም። ጽሑፎቻቸውም የሚቀርቡት በአብዛኛው ከየት መጡ በሚለው ጥያቄ ሥር ነው። አብዛኞቹ በክርስቲያኖች እጅ ከነበሩ የግዕዝ ጽሑፎች የተወሰዱና የታረሙ መሆናቸውን ያሳያል። ይህ እውነት ነው። ሆኖም አንድ ጽሑፍ ከየት መጣ ማለትና ሲነበብ ምን ይሠራል ማለት አንድ አይደሉም።

ትእዛዘ ሰንበትን ውሰዱ። በቮልፍ ሌስላው ትርጉም እ.ኤ.አ. በ1951 በእንግሊዝኛ ከታተሙት የቤተ እስራኤል ጽሑፎች አንዱ ነው። በዚህ መጽሐፍ ሰንበት ቀን ብቻ አይደለችም፤ በእግዚአብሔር ፊት የምትቆም፣ ላከበሯት ሰዎች የምትማልድ ሴት ሆና ትሣላለች። የሥነ መለኮት ተማሪ ይህን ሲያነብ ጥያቄ ሊነሣበት ይገባል። በዙሪያቸው ያሉ ክርስቲያኖች ስለ ድንግል ማርያም አማላጅነት ሲዘምሩ፣ ቤተ እስራኤል ያንኑ ቋንቋና ያንኑ ናፍቆት ይዘው ወደ ሕጉ ዘወር አድርገውታል ማለት ይቻላል። ይህ መቅዳት ብቻ አይደለም፤ ሥነ መለኮታዊ ክርክር ነው። ኃጢአተኛ በምን ይድናል፣ ማን ይቆምለታል የሚለው ጥያቄ ነው። የእኛ መልስ ዕብራውያን ምዕራፍ 7 ላይ እንደሆነ እናውቃለን፤ ጥያቄው ግን የእነርሱም የእኛም ነው። ካፕላን በዚህ በር ላይ ደርሶ አልገባም።

በዓለ ስግድም እንዲሁ ነው። ከአስተስርዮ ቀን በኋላ በሃምሳኛው ቀን ሕዝቡ ጾሞ፣ ነጭ ለብሶ፣ ቄሶቹ ኦሪትን ተሸክመው ወደ ተራራ ይወጣል። አንዳንዱ የንስሐ ምልክት ድንጋይ በራሱ ይሸከማል። በተራራው ላይ ሕጉ በሲና ስለ መሰጠቱና በነህምያ ምዕራፍ 9 ሕዝቡ ኃጢአቱን ተናዝዞ ቃል ኪዳኑን ስለ ማደሱ ይነበባል። ቀኑ ሲጋመስ ጾሙ ይፈታል፤ ወርደው በደስታ ይበላሉ። በአምቦበር ይከበር የነበረው ይህ በዓል ዛሬ በኢየሩሳሌም ይከበራል፤ እ.ኤ.አ. በ2008 የእስራኤል ምክር ቤት በሕግ ብሔራዊ በዓል አድርጎታል። የታሪክ ባለሙያ የበዓሉን መነሻ ዘመን ሲፈልግ፣ መጋቢው ሌላ ነገር ማየት አለበት። ርስት የተነጠቀ፣ ቤተ መቅደስ የሌለው፣ ከሌላው የአይሁድ ዓለም ጋር ለዘመናት ግንኙነት ያልነበረው ሕዝብ በየዓመቱ ተራራ ወጥቶ «በድለናል» ይል ነበር። በደለኛ ነገሥታቱን ለመክሰስ በቂ ምክንያት ነበረው፤ የተናዘዘው ግን የራሱን ነው። እኛ ስለ አገራችን የምናደርጋቸው የጾምና የምልጃ ጉባኤዎች ከዚህ የሚማሩት የለም ትላላችሁ?

«እውነተኛ አይሁድ አይደሉም» ማለት ነውን?

ካፕላንን ችኩል ሆኖ የሚያነብ ሰው ወደ አንድ አደገኛ መደምደሚያ ሊደርስ ይችላል፦ ከኢየሩሳሌም ካልመጡ፣ ማንነታቸውም በኢትዮጵያ ከተፈጠረ፣ እንግዲያው አይሁድነታቸው የውሸት ነው። ደራሲው ይህን አይልም። ማንነት በታሪክ ውስጥ ተፈጠረ ማለት ውሸት ነው ማለት አይደለም፤ ታሪክ የሌለው የሕዝብ ማንነት የለምና።

መጽሐፍ ቅዱስን የሚያስተምር ሰው ይህን ከማንም ይልቅ ሊያውቅ ይገባዋል። ከግብፅ የወጣው ጉባኤ ዘፀአት ምዕራፍ 12 እንደሚነግረን የተደባለቀ ሕዝብ ነበር። ሞዓባዊቷ ሩት በቃልዋ ወደ ቃል ኪዳኑ ገባች፤ የዳዊት ቅድመ አያትም ሆነች። በአስቴር ምዕራፍ 8 ከአገሩ አሕዛብ ብዙዎች አይሁድ ሆኑ። ኢሳይያስ ምዕራፍ 56 ሰንበትን የሚጠብቀውንና ቃል ኪዳኑን የሚይዘውን መጻተኛ እግዚአብሔር እንደማይለየው ይናገራል። እንግዲህ ቤተ እስራኤል ከኢትዮጵያ ምድር የበቀሉ፣ በመከራ ውስጥ የኦሪትን ቃል ኪዳን የያዙ ሕዝብ ናቸው ቢባል፣ በመጽሐፉ ሚዛን ይህ ነውር አይደለም።

በአንጻሩ የዳን ነገድን ትረካ በስሜት የሚሰብኩ ወገኖቼንም እዚህ ላይ ልጠይቃቸው። የአንድ ሕዝብ ክብር በደም ሐረግ ላይ ብቻ ከቆመ፣ የደም ሐረጉ በተጠየቀ ቀን ክብሩም ይጠየቃል። የኦቫድያ ዮሴፍ ውሳኔ ወጥቶ፣ እ.ኤ.አ. በ1975 የመመለስ መብት ተሰጥቷቸው እንኳ፣ በ1980ዎቹ እስራኤል የደረሱት ቤተ እስራኤል የአይሁድነታቸው ጥርጣሬ እንዲወገድ የመንጻት ሥርዓት እንዲፈጽሙ በተጠየቁ ጊዜ ለተቃውሞ አደባባይ የወጡት ለዚህ ነው። በሱዳን በረሃ ዘመዶቻቸውን ቀብረው የደረሱ ሰዎች «በእርግጥ እናንተ ናችሁ?» ተባሉ።

ወንጌልን ያመጡት ሚሲዮናውያን

የመጽሐፉ የአሥራ ዘጠነኛው ክፍለ ዘመን ምዕራፍ ለእኛ ከሁሉ የሚከብደው ነው። እ.ኤ.አ. በ1860 ሄንሪ አሮን ስተርን ወደ ኢትዮጵያ ገባ። ስተርን ራሱ በጀርመን የተወለደ፣ ወደ ክርስትና የመጣ አይሁዳዊ ነበር፤ በለንደን የነበረ ለአይሁድ ወንጌልን የሚሰብክ ማኅበር የላከው ነው። ዮሐንስ ማርቲን ፍላድ ከእርሱ ቀድሞ መጥቶ ነበር። ዐፄ ቴዎድሮስና አቡነ ሰላማ ሥራውን የፈቀዱት ያመኑት በኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን እንዲጠመቁ በማለት ነው። ስለዚህ የአገራችን የወንጌላውያን እንቅስቃሴ ከመጀመሪያዎቹ ገጾቹ አንዱ የተጻፈው በቤተ እስራኤል መካከል ነው። እንደ ሚካኤል አረጋዊ ያሉ የአገሩ ልጆች የውጭ አገር ሚሲዮናውያን መግባት በተከለከሉበት ዘመን ሥራውን ይዘው ቆይተዋል። ይህን በምስጋና ልናስታውስ ይገባል።

ነገር ግን ሌላውንም እንይ። ሚሲዮናውያኑ የቤተ እስራኤልን መሥዋዕትና ምንኵስና ነቀፉ። በ1862 አባ ማህሪ የተባሉ መነኩሴ የመሩት ሕዝብ ወደ ተስፋዪቱ ምድር በእግሩ ተነሥቶ፣ በትግራይ በኩል ሲጓዝ ብዙው በረሃብና በበሽታ አለቀ፤ ጊዜው የሃይማኖት ክርክሩ የጋለበት ጊዜ ነበር። የሚሲዮኑ ዜና በአውሮፓ አይሁድ ዘንድ ሥጋት ስለ ፈጠረ በ1867 ዮሴፍ ሃሌቪ፣ በ1904 ዣክ ፋይትሎቪች መጡ። ሚሲዮኑ ጠብ አድርጎ ያነቃው የአይሁድ ዓለም ነበር ማለት ይቻላል። ከፋይትሎቪች ደቀ መዛሙርት ዋነኛው ታምራት አማኑኤል የሚሲዮን አማኞች ቤተሰብ ልጅ ነበር፤ ፋይትሎቪች ያገኘው አስመራ በሚገኘው የስዊድን ሚሲዮን ትምህርት ቤት ሲማር ነው። በኋላ በአዲስ አበባ ለቤተ እስራኤል ልጆች የተከፈተውን ትምህርት ቤት መራ።

ካፕላን የሁለቱን ወገኖች ሥራ በየተራ ይዘግባል፤ እኔ ግን ጎን ለጎን አድርጌ ሳያቸው አንድ ነገር ያስገርመኛል። ፕሮቴስታንቱም አይሁዳዊው የለውጥ አራማጅም ለዚህ ሕዝብ ያመጡት የመጀመሪያ ቃል አንድ ነበር፦ ያላችሁ አይበቃም፤ መሥዋዕቱን ተዉ፤ ምንኵስናውን ተዉ፤ እውነተኛውን እኛ እናሳያችሁ። እኔ ክርስቶስ የሕግ ፍጻሜ መሆኑን አምናለሁ፤ መሰበክም አለበት። ይሁን እንጂ ጳውሎስ በአቴና መጀመሪያ በከተማዪቱ ተዘዋውሮ፣ የሚያመልኩትን ተመልክቶ ነው የተናገረው። ሳያዳምጥ የሚሰብክ ሰው እውነት ቢናገርም የሚሰማው እንደ ገዥ ነው።

ዛሬ በመድረካችን

ይህ ሁሉ የትናንት ወሬ አይደለም። ግንቦት 16 እና 17 ቀን 1983 ዓ.ም. በዘመቻ ሰሎሞን ሁለት ቀን ባልሞላ ጊዜ ከ14,000 በላይ ቤተ እስራኤል ከአዲስ አበባ ወደ እስራኤል ሲጓጓዙ፣ «ፈላሽ ሙራ» የሚባሉት፣ ቀደም ሲል ወደ ክርስትና የገቡ ቤተሰቦች ዘሮች፣ ወደ ኋላ ቀሩ። ከእነርሱ ብዙዎች ከዚያ ወዲህ ሄደዋል፤ የቀሩት በጎንደርና በአዲስ አበባ ዓመታትን በመጠበቅ አሳልፈዋል። የሚሄዱትም ወደ አይሁድነት የመመለስ ሥርዓት ይጠበቅባቸዋል። አንዳንዱ እናቱ እዚያ፣ እርሱ እዚህ ነው። ከእነዚህ ቤተሰቦች አንድ ሰው በጉባኤያችሁ መካከል ተቀምጦ ሊሆን ይችላል። ቤተሰቡን ለማግኘት ክርስቶስን ልተው ወይስ እናቴን ልተው ብሎ ወደ ቢሮአችሁ ቢመጣ ምን ትሉታላችሁ? «ካደ» ብሎ ከመድረክ ማወጅ ቀላል ነው። «ሂድ፣ እግዚአብሔር ልብህን ያውቃል» ማለትም ቀላል ነው። ጌታ በሰው ፊት ስለ መመስከር የተናገረውን ሳንሸቅጥ፣ ይህን ሰው በዚህ መንታ መንገድ ላይ ያቆሙትን የስድስት መቶ ዓመታት አዋጆችና ረሃቦች አውቀን፣ አብሮት የሚያለቅስ እረኛ መሆን ግን ከባድ ነው። በ1880ዎቹ መጨረሻ በክፉ ቀን ረሃብ የተጠመቀን ሰው የልጅ ልጅ «አባትህ ለምን ተጠመቀ?» ብሎ መክሰስ ለእኛ አይገባም።

ስለዚህ መጽሐፉን አንብቡ፤ ለመረጃው ብላችሁ፣ እንዲሁም ሮሜ ምዕራፍ 11ን እንደገና ለማንበብ ብላችሁ። ጳውሎስ ከዱር ወይራ ተቆርጠው የተተከሉትን በቅርንጫፎቹ ላይ እንዳይመኩ ያስጠነቅቃል። ክብረ ነገሥት ታቦቱ ወደ እኛ መጥቷልና መመረጡም ወደ እኛ ዞሯል ሲል የተመካው ትምክህት በእኛ መካከልም በሌላ ልብስ አለ፤ ቀንደ መለከቱን ይነፋል፣ ባንዲራውን ያውለበልባል፣ ሕዝቡን ግን አያውቅም። ሥር የሚሸከመን መሆኑን ያመነ ሰው ሥሩ በጎረቤቱ ደጅ ሲገኝ ጫማውን ያወልቃል።

በሚቀጥለው ጊዜ ከነህምያ ምዕራፍ 9 ስትሰብኩ፣ ይህን ምዕራፍ በአምቦበር ተራራ ላይ በጾም ሲያነብ ስለ ኖረ የአገራችሁ ሕዝብ ለጉባኤው ንገሩ። በራሱ ስም ቤተ እስራኤል ብላችሁ ጥሩት። ከዚያ በኋላ ስለ ኢየሩሳሌም የምትሉት ሁሉ በጉባኤው ጆሮ ሌላ ክብደት ይኖረዋል።